መልስ በነጻ

ሰኔ 2

ባለኬኳ ዛሬም ያንኑ ዘፈኗን ዘፈነችልኝ። «ፎቶ መለጠፍ ነው እኮ! የእህቴ ልጅ ሲነካካ ነው የሚውለው፤ እሱ በነጻ ይሠራልኛል።» ታዲያ ምነው እስካሁን አልሠራልሽ አልኳት፤ በሆዴ። ባፌ ያልኩት «ልክ ነሽ፣ ግን ሙያ አለው» ነው። በሆዴ የምለውን ሁሉ ባፌ ባወጣው ኖሮ ወይ ሀብታም ሆኜ ነበር ወይ ተደብድቤ።

ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶ ሥራ ከፈታሁ ወዲህ መተዳደሪያዬ የሰው ፔጅ ነው። ጊዜ የሌላቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ገጻቸውን ለኔ ይሰጡኛል፤ ፎቶ አነሣለሁ፣ ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ እለጥፋለሁ። አራት ደንበኛ አለኝ፦ ባለኬኳ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ አናጢው፣ እንዲሁም ጡንቻ ብዬ ስም ያወጣሁለት የስፖርት ቤቱ ባለቤት። አራቱም ሥራዬን ይፈልጉታል፤ ዋጋዬን ሲሰሙ ግን መርፌ እንዳየ ልጅ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ታናሽ እህቴ ከባሏ ተለይታ ከመጣች ወዲህ የውስጠኛውን ክፍል ይዛለች። ቁጭ ብላ እንዳትቆዝም የየፔጁን ስልክ ሰጠኋት፤ በኢንቦክስ ለሚጠይቀው ሰው ትመልሳለች። ዋጋው ስንት ነው፣ አድራሻችሁ የት ነው፣ ዛሬ ክፍት ናችሁ ወይ፤ ይኸው ነው። ለሷም ከሐሳብ ይሻላታል። ብቻዋን ብትቀመጥ ራሷን ትበላ ነበር።

ሰኔ 4

በችኮላ። አከራዬ ኪራይ ጨመረ። «ሁሉ ነገር ጨምሯል» አለኝ። ከኔ ዋጋ በቀር። አዲስ የዋጋ ዝርዝር ማውጣት አለብኝ። ዘንድሮ ካልጨመርኩ ቤቱንም ሥራውንም እለቃለሁ፤ ለቅቄስ ማን ቤት እገባለሁ? ታናሼ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትወጣ እኔ አለሁላት። ለኔ ማን አለኝ?

ሰኔ 6

ዋጋ ማውጣት እንዲህ መከራ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። በሰዓት ላስከፍል ብል «ስንት ሰዓት እንደሠራሽ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። በወር ብል «በወር ምን ምን?» ይላሉ። ሙያዬን ነው የምሸጠው ብል ይስቃሉ። ስለዚህ በፖስት ቁጥር ይሁን አልኩ፤ ነጋዴ የሚቆጠር ነገር ይወዳል። ሦስት ፓኬጅ አወጣሁ፦ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ሙሉ። በቀለም አሳመርኩት። የማተሚያ ቤት ልጅ ነኝና ፊደል አሰላለፍ ላይ ማንም አይደርስብኝም።

ችግሩ እኔ የምፈልገው ሙሉውን እንዲወስዱ፣ እነሱ የሚፈልጉት ጀማሪውን መሆኑ ነው። ስለዚህ ማማለያ ፈለግኩ። ከሦስቱም ሥር ደመቅ አድርጌ «ለደንበኞችዎ መልስ መስጠት፦ በነጻ!» ብዬ ጻፍኩ። ነጻ የሚል ቃል አይቶ ፊቱ የማይፈታ ነጋዴ የለም።

ታናሼ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«እታለም፣ መልሱ ነጻ ነው?»

«ማማለያ ነው፤ እንዲያው ለወጉ።»

«አይ፣ ገባኝ» አለች። ከዚያ ሻይ ላፍላልሽ ወይ አለችኝ። አፈላችልኝ፤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ዝርዝሩ ግን አምሮልኛል።

ሰኔ 10

ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ዝርዝሩን ከመነጽሩ በላይ እያየ «ይህን ያህል ለአንድ ፎቶና ለሁለት መስመር ጽሑፍ? ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅብሽም እኮ» አለኝ።

«ዶክተር፣ ጥርስ ለመንቀል ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?»

«እንደ ጥርሱ ነው።»

«ፈጥኖ በወጣ ቀን ዋጋ ይቀንሳሉ?»

ከት ብሎ ሳቀ። እኔም አጋጣሚውን አልለቀቅኩትም፤ «በሽተኛው የሚከፍልዎት ለደቂቃው አይደለም፣ ለሚያውቁት ነው። የማይታይ ሥራ ሥራ አይደለም ያለው ማነው?» አልኩት። እንዲህ አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም። መካከለኛውን ፓኬጅ ፈረመ።

ልወጣ ስል «ያ ሐኪም ሲያይ የሚጮኸው ልጅ፣ እናቱ የጻፈችልን፣ ዛሬ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈተልኝ። ምን እንደጻፋችሁላት እንጃ፤ ብቻ እጃችሁ ይባረክ» አለኝ። አሜን አልኩ። የትኛው ልጅ እንደሆነ አላውቅም። ሙያ ማለት ይኸው ነው፤ አንዴ በደንብ ከዘረጉት ሳያዩትም ይሠራል።

ሰኔ 14

በየሱቁ በር ሥር ወረቀት ተወርውሯል። አዲስ ድርጅት ነው። ስሙን እኔ «ግማሽ ዋጋ» ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የሚያውቅ አይመስለኝም። የፈለጋችሁትን ያህል ፖስት በግማሽ ዋጋ። መልሱን ማሽን ነው የሚመልስለት፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል» ይላል፤ ከዚያ ጭጭ።

ጡንቻ ሄደ። ደውሎ እንኳ አልነገረኝም፤ ጻፈልኝ። «ቢዝነስ ነው፣ ቅር እንዳይልሽ።» ቦርጩ እንዳይታይ መሬት ላይ ተኝቼ ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ቅር አላለኝም፤ አንጀቴ ነው ያረረው። ታናሼ «ለእሱስ አይደለም፣ እዚያ የሚመጡት ሴትዮ ናቸው የሚያሳዝኑኝ፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው ማንን ሊጠይቁ ነው?» አለች። ስለ ጉልበት ታወራለች፤ እኔ ስለ ኪራይ አስባለሁ።

ሰኔ 18

አናጢው ወርክሾፕ ቁም ሣጥን ፎቶ ላነሣ ሄጄ፣ ከተደረደረው ጣውላ ጀርባ ሆኜ ብርሃን ስጠብቅ ለአንድ ሰው ሲያወራ ሰማሁት። «እኔ ለሰው መመለስ አላውቅበትም፤ ሁለቴ ከጠየቁኝ ይነደኛል። እሷ ናት ያቆመችኝ። በኔ አፍ ከኔ የተሻለ ታወራለች። ባለፈው አንዱ ትልቁን ቁም ሣጥን ካልወሰድኩ ብሎ ሲያስቸግር፣ መጀመሪያ የበሩን ስፋት ይለኩ አለችው። ለክቶ ቢያይ አይገባም! ትንሹን ወሰደ፤ አማቹንም ጎረቤቱንም አመጣልኝ።»

በሌሉበት መመስገን እንዴት ደስ ይላል! የበሩን ስፋት ነገር መቼ እንደጻፍኩት ትዝ አይለኝም፤ ስንቱን ጽፌ ስንቱን አስታውሳለሁ። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ ይባላል። እነዚህ ነጋዴዎች ሁሉ በኔ ጨው የሚወደሱ በርበሬዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንድ የሚያመሰግን መገኘቱም ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ገብቼ ለታናሼ ስነግራት ስልኩን አስቀመጠች። «እንዲህ አለ?» አለች፤ ፊቷ በራ። ለኔ ደስ ብሏት ነው። እሷ ክፋት የላትም።

ይልቅስ መቆጣት ነበረብኝና ተቆጣኋት። ለካ ባለፈው ሳምንት ከሰዓቱን ሙሉ አናጢው ጋ ተቀምጣ የትኛው እንጨት ይሰነጠቃል፣ የትኛው ቀለም ይለቃል እያለች ስትጠይቅ ነው የዋለችው። «ዋጋ ለመመለስ ይህ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። «ሲጠይቁኝ እንዳልዋሽ ነው» አለችኝ። ዋሺ ማን አላት?

ሰኔ 24

ታናሼ እሑድ እሑድ ልረፍ አለችኝ። ሰው ሥራ ፈቶ የሚጽፈው እሑድ አይደለም ወይ? እንዴት ይሆናል አልኳት። ዓይኗ ያለቅሳል። ስክሪን ነው፤ ያልፋል። የኔም ያለቅሳል።

ትንሽ ቆይታ «ለመልሱ ዋጋ ብናወጣለትስ፣ እታለም?» አለች።

«ለወሬ ማን ይከፍላል? ስልክ መነካካት ነው እኮ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች። ይህች እሺዋ አትጥመኝም። ያልተዋጠለት ሰው ይጨቃጨቅ እንጂ። ባሏንም እንዲሁ እሺ እሺ ስትለው ኖራ ነው አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ የወጣችው። እሱም ምን አጠፋሁ ሲል ነበር አሉ።

ሐምሌ 1

ባለኬኳ ደወለች። ግማሽ ዋጋ እሷም ጋ ደርሷል። «አንቺስ በስንት ታደርጊልኛለሽ?» ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። ኪራዩ ቀርቧል። አናጢው ዝም ብሏል። ዝምታው ከጭቅጭቅ ይልቅ ያስፈራኛል።

ሐምሌ 5

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ዋጋዬን በግማሽ ቆረጥኩት።

ልጨምር ብዬ ያወጣሁትን ዝርዝር በገዛ እጄ ከፊተኛው በታች አወረድኩት። ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ ሌላ መውጫ አጣሁ። የቀሩት ሦስቱ ከሄዱ ዝርዝሩ አማረ አላማረ ማን ያየዋል? ግን እኩል መሆን ብቻ አይበቃም፤ እነሱ የሌላቸው ነገር ሊኖረኝ ይገባል። ማሽን የማይችለው ነገር። ወዲያ ወዲህ ብዬ አገኘሁትና ለጠፍኩት፦ «መልስ ወዲያውኑ! ቀንም ሌሊትም! በነጻ!»

ታናሼ ያየችው እንደ ማንም ሰው ፔጁ ላይ ነው። ልነግራት አስቤ ነበር። ስልኩን ይዛ ወደኔ መጣች።

«እታለም፣ ሌሊትም ይላል።»

«አዎ።»

«ማነው የሚመልሰው?»

«እኛ ነና!»

«እኛ ማን ማን ነን?»

ነገር ፈልጋ ነው። እኔ እዚህ ሁለታችን ጎዳና እንዳንወጣ እታገላለሁ፣ እሷ ትጠይቀኛለች። «ቤት አለሽ፣ ትበያለሽ ትጠጫለሽ፣ ምን ሠራሽ የሚልሽ የለም፤ ምን ጎደለብሽ?» አልኳት። ስልኮቹን ሰብስባ ገባች፤ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። እኔ ብሆን ገንጥዬው ነበር የምገባው።

ልክ ነኝ። ድምፄ ግን ከፍ ብሎ ነበር።

ሐምሌ 9

አዲስ ደንበኛ የለም። ያሉት ግን ደስ ብሏቸዋል። ባለኬኳ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለችኝ።

ታናሼን ረፋድ ላይ ወንበር ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ስልኩ እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አሳዘነችኝና ሳልቀሰቅሳት አለፍኩ። ስልኩ አልተው ሲል ተመልሼ ቀሰቀስኳት።

ሐምሌ 14

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ዛሬ የታናሼ የፍቺ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚታይበት ቀን ነበር። ማለዳ ስልኮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድራ ሄደች። መልስ መስጠት ምን አለው ብዬ እኔው ያዝኳቸው። ለካ ይህ ሁሉ ሰው ሥራ የለውም! አንዷ ለሐኪሙ «ልጄ መርፌ ይፈራል፣ ምን ብዬ ላምጣው?» ትላለች። ስለ ልጅሽ እኔ ምን አውቄ? «የሥራ ሰዓታችን ተለጥፏል» አልኳት። አንዱ ለባለኬኳ «ከወንድሜ ተጣልቼ ነበር፤ ኬክ ልወስድለት ነው፣ ላዩ ላይ ምን ቢጻፍ ይሻላል?» ይላል። «የፈለጉትን» አልኩት። «ተዉት በቃ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ዋናው መጣ። አንድ ሰው «ባለፈው የሠራችሁልኝ ይነቃነቃል፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ጻፈ። ስልኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አናጢው መስሎኝ «ይዘውት ይምጡ፤ በሙጫና በምስማር እናጠብቀዋለን» ብዬ መለስኩ። ሰውዬው የጥርስ ሐኪሙ በሽተኛ ነው። የሚነቃነቀው ጥርሱ ነው።

ከምሳ በፊት ከተማው ሁሉ አይቶታል። ሰውዬው መልሴን ፎቶ አንሥቶ ለቀቀው፤ ሰውም ተቀባበለው። እኔ የጻፍኩት ነገር ይህን ያህል ሰው ጋ ደርሶ አያውቅም።

ታናሼ ወደ ማታ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ስልኮቹን ሳትለይልኝ እንዴት ትሄጃለሽ?» አልኳት። አነበበችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። ከዚያ የኔን ፊት አየችና ተወችው። ለሰውዬው ጻፈችለት፣ ለእናትዮዋም ጻፈችላት፣ የተጣላውንም ሰው ፈልጋ አገኘችው። እኔ አብሬያት ተቀምጬ ነበር።

አሁን ልተኛ ስል ነው ትዝ ያለኝ፤ ፍርድ ቤት ምን እንዳሏት አልጠየቅኳትም። ነገ እጠይቃታለሁ።

ሐምሌ 17

ጥርስ ሐኪሙ አስጠራኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። የተጨነቀ ይመስላል። «ያቺ ልጅ አሟት ነበር እንዴ?» አለኝ።

«የቷ ልጅ?»

«የምትመልሰዋ። በሽተኞቼ በስሟ ባያውቋትም አንድ ቀን ስትቀር አወቁባት። እኔ የምከፍልሽ ለሷ መስሎኝ።»

«ዶክተር፣ እሱ ነጻ ነው። የሚከፍሉኝ ለፖስቱ ነው።»

«ፖስቱማ ምን አለው» አለ፤ ክፋት ሳይኖረው፣ እጁን እየታጠበ። «ጥርስ ጥርስ ነው።»

ሐኪሞች ስለ ማስታወቂያ አያውቁም። መንገድ ላይ ግን አናጢው ለዚያ ሰው ያወራው ነገር መጣብኝ፤ በኔ አፍ ከኔ የተሻለ ታወራለች ያለው። ዝናብ ስለመጣ ቶሎ ቶሎ ሄድኩና ተውኩት።

ታናሼን ስለ ፍርድ ቤቱ አልጠየቅኳትም። አሁን ቢጠይቋት ምን ይመስላል? ቆይቷል።

ሐምሌ 25

«እታለም፣ ክፍል አገኘሁ» አለች። ቁርስ ላይ ነን።

«ምን ክፍል?»

«መኖሪያ። ጠበብ ያለች ናት፤ መስኮት አላት።»

«በምንሽ ልትከፍዪ?»

«በሥራዬ።»

የምን ሥራ ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያጎረሰ እጅ ተነካሽ ነው አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንድትሰማኝ። ከባልሽ ቤት ስትወጪ፣ ማን ነበር በሩን የከፈተልሽ? ማን ነበር የሚጠይቅሽ? አለቀስኩ መሰለኝ። እሷ ዳቦዋን አስቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «አንቺ ነሽ» አለች። «አልረሳሁትም፤ እስክሞትም አልረሳውም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ደሞዝ ልቁረጥልሽ።»

«ስንት?»

ነገርኳት። ማታ ማታ በልቤ ሳሰላው ብዙ መስሎኝ ነበር። ስናገረው ግን ለራሴም ጆሮ አነሰኝ። «የምትኖሪበትም አለ» ብዬ ጨመርኩበት።

አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣችና በተጣላን። እጄን ያዝ አድርጋ «እታለም፣ ባለኬኳን መሰልሽ እኮ» አለችኝ።

ሻንጣዋ ያው የመጣችበት ነው። ስልኮቹን ቻርጅ አድርጋ፣ እንዳይምታቱብኝ እያንዳንዳቸው ላይ የተለያየ ቀለም ክር አስራ ትታልኝ ሄደች።

ሐምሌ 27

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይሉ ነበር ድሮ። ዘመዴ መስኮት አላት ብላ ሄደችላችሁ።

ሐምሌ 30

ስልኮቹ አያርፉም። ቀንም ሌሊትም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጥፍቼዋለሁ፣ ሰው ግን አንዴ አንብቦታል። ዛሬ አንዲት ሴት ለአናጢው «እንዴት ዋሉ ጋሼ፣ ልጅዎ ተሻለው?» ብላ ጻፈች። ልጁ መታመሙን በምን አውቄው! አመሰግናለሁ ብዬ መለስኩ። «ዛሬ ቸኩለዋል መሰለኝ» አለች። ዓይኔ ያለቅሳል። ልክ እዚህ፣ በቀኝ በኩል፣ እንደሷ።

ነሐሴ 3

አናጢው ራሱ መጣ። በር ላይ ቆሞ እግሩን አሥር ጊዜ ጠረገ። ትልቅ ሰው ሲጨነቅ ማየት ያሳቅቃል።

«እንግዲህ አንቺም ልጄ ነሽ፣ እሷም ልጄ ናት» አለ። «ከእህትሽ ጋ ልሠራ ነው። በሰው በሰው ከምትሰሚ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ እሷ ፎቶ ማንሣት አታውቅም። ጽሑፍ አሰላለፍ አታውቅም።»

«አታውቅም» አለ። «ፎቶውን እኔ በስልኬ አነሣለሁ፤ ይወላገዳል፣ ሰውም ሳቅ እያለው ያየዋል። የሚገዛው ግን ስታናግረው ነው። እኔ ከመጀመሪያውም የምከፍለው ለዚሁ መስሎኝ ነበር።»

የዋጋ ዝርዝሯን ጠየቅኩት። አላመጣውም፤ ፔጇ ላይ አለ አለ። ፔጅ አላት ለካ። ከሄደ በኋላ ከፍቼ አየሁት። ፊደሉ አይመጣጠንም፣ መስመሩ ዝቅና ከፍ ብሏል፤ ብታሳየኝ ኖሮ በደቂቃ አስተካክልላት ነበር። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፦ ለደንበኞችዎ መልስ መስጠት፣ በወር ይህን ያህል። ከኔ ሙሉ ፓኬጅ ይበልጣል፤ ያውም ሳልቆርጠው በፊት ከነበረው። እሑድ ዝግ ነው ይላል። ከሥር ደግሞ፦ «ፎቶ መለጠፍ፦ በነጻ።»

መልሼ መላልሼ አነበብኩት። ሊያናድደኝ የተጻፈ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አይደለም። እንዲያው እውነቱ ነው፤ እሷ ተንኮል አታውቅበትም።

ነሐሴ 6

ጥርስ ሐኪሙም ሄደ። ባለኬኳ አልሄደችም። «እኔ አንቺን አልለቅሽም፣ ማን እንዲህ በርካሽ ይሠራልኛል?» አለችኝ። አመሰገንኳት። ባፌ ነው።

አከራዬ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ደንበኞቼ መሄዳቸውን ስነግረው «እህትሽ የታለች? በስልክ የማልጽፈውን እኔን እንኳ በረንዳ ላይ ታጫውተኝ ነበር» አለኝ። ሁሉም ያውቃታል። እኔ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ ምን ትል እንደነበር አንድም ቀን ገልጬ አላነበብኩም። ጊዜ አልነበረኝማ። ሥራ ነበረብኝ።

ዛሬ የድሮ መልሶቿን ከፈትኩ፤ እንዴት እንደምትጽፍ ላጠና ብዬ። ጠዋት የጀመርኩ ማታ ድረስ አነበብኩ። ለዚያ የሚፈራ ልጅ እናት «ወንበሩ ላይ መጀመሪያ እርስዎ ይቀመጡ፣ እሱ ደግሞ የእርስዎን ጥርስ ይቁጠር» ብላለች። አንዲት ሌላ ሴት ስለ ኬክ ጠይቃ፣ ኬኩን ትታ ባሏ እንደሚመታት ነግራታለች። ታናሼ ስድስት ቀን ሙሉ፣ በባለኬኳ ስም፣ አብራት ቆይታለች። «እኔም ወጥቻለሁ፤ መጀመሪያ ይከብዳል፣ በር የሚከፍት ሰው ካለ ግን ይቻላል፤ ለኔ እህቴ ከፈተችልኝ» ብላታለች። ሴትዮዋ በኋላ ትንሽ ኬክ አዘዘች፤ ለብቻዋ።

ይህን በምን ሒሳብ ነው የማስገባው? በፖስት ቁጥር?

ነሐሴ 9

ደወልኩላት። «እንዴት ነሽ እታለም» አለች፤ እንደ ድሮዋ። ስለ ፍርድ ቤቱ ልጠይቃት ነበር። «የኬኩ ፔጅ የይለፍ ቃል ጠፋኝ» አልኳት። ነገረችኝ። አልጠፋኝም ነበር።

ነሐሴ 13

ሥራዋን ልመዝን ብዬ ነው። ተፎካካሪን መመዘን ያለ ነገር ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል። በማይታወቅ ስም ገብቼ ለአናጢው ፔጅ ጻፍኩ። ረፋድ ላይ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሏል።

«አልጋ ፈልጌ ነበር።»

ወዲያው መለሰች። በአናጢው አፍ ነው የምትጽፈው፤ ያን ጎርነን ያለ ሰውዬ፣ ቀልዱን ሳይቀር። «እንኳን ደህና መጡ። መጀመሪያ የሚተኛበትን ሰው ይንገሩኝ፤ እንጨቱ ቀጥሎ ነው። ሰውና አልጋ ካልተዋወቁ ሲጣሉ ያድራሉ።»

«ለእህቴ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። «እስካሁን መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነበር የምትተኛው። አሁን እዚህ የለችም። ምናልባት የመጣች እንደሆነ ብዬ ነው።»

እየጻፈች መሆኗን የሚያሳየው ምልክት መጣ፣ ጠፋ፣ እንደገና መጣ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኩ።

«ገባኝ» አለች። «እንግዲያው እግሩ ከፍ ያለውን ይውሰዱ። ራስጌውንም ከግድግዳው ፈቀቅ ያድርጉት። ያ ግድግዳ ከታች በኩል ርጥብ ነው፤ ክረምት ሲሆን ለእንጨትም ለሰውም አይሆንም።»

ስለ ክፍሉ አንድም ቃል አልጻፍኩላትም ነበር። ተነሥቼ የውስጠኛው ክፍል ገባሁ። ፍራሹ የነበረበት ጋ ተንበርክኬ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ርጥብ ነው። ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ። እዚያ ስገባ ስወጣ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም።

ተመልሼ «ዋጋው ስንት ነው?» አልኳት። ጻፈችልኝ። ለማንም ሰው የምትለውን ዋጋ ነው የነገረችኝ። ቅናሽ አልጠየቅኩም።